ስፒከሩ ኢንሹራንስ ነበረው፣ የእልፍነሽ እግር ግን አልነበረውም

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ገብረሰንበት ወልደ ሥላሴ፣ ሠርገኛው ሁሉ «ዲጄ ጋሼ» የሚለኝ የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ይህን ቃሌን የምሰጠው ጉልበቴ እንጂ አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ላውጋችሁ። ኑዛዜ ተጽፎ ሲያበቃ ለተናዛዡ ሊነበብለት ይገባል፤ እኔ ደግሞ አልሰማም። አርባ ዓመት ስፒከር ሥር ቆሜ ጆሮዬን ጨርሼዋለሁ፤ ይህንንም ለሰው ሳልናገር ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። ጸሐፊው መምህር ተስፋው ሦስት ጊዜ ጮኸው ቢያቅታቸው ልጄ ሥርጉት ማይኩን ሰካችላቸው። በምስጢር ሊቀመጥ የሚገባው ቃሌ እንግዲህ አንቀጽ በአንቀጽ ለሰፈሩ እየተሰማ ነው። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ጎረቤቱም ሥራ ፈትቶ አጥር ሥር ቆሟል አሉኝ።

ምስክሮቼ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል፣ ከመራዊ እህል የሚያመጣው ነጋዴ ክንፈሚካኤልና የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዮርዳኖስ ናቸው። ሕጉ የሚሻው አራተኛው ምስክር ግን ገበያ ሄዶ ቀርቷል።

አንደኛ። ጀነሬተሩን ለደብራችን ሰጥቻለሁ። መሪጌታ «ስፒከሩስ?» አሉ። «የእርስዎ ድምፅ ስፒከር አይሻም» ብያቸዋለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

ሁለተኛ። ስፒከሮቹን፣ ሚክሰሩንና ማይኮቹን ለሥርጉት አውርሻለሁ። የሙሽራዋ እግር ሲዝል አይታ ዘፈኑን ታበርዳለች፤ እኔ ይህን መቼም አልቻልሁበትም። ኢንሹራንሱ ግን በስሜ ነውና ከዕቃው ጋር አይወረስም። ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ሠርግ በፊት ሄደሽ በስምሽ ተዋዋዪ። ለዕቃው ብቻ እንዳትገቢ። መጀመሪያ በሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግቢ፣ ዕቃው ይከተላል።

እዚህ ላይ ሥርጉት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ፊትዎ ተለዋወጠ። ማይኩን ላጥፋው?» አለችኝ።

«ጨምሪው» አልኋት።

ሦስተኛ። የዛሬ አምስት ዓመት ቡሬ አጠገብ በነበረ ሠርግ ስፒከሬ ከመቆሚያው ወድቆ የጎረቤታችንን የወይዘሮ እልፍነሽን እግር ሰበረ። ኢንሹራንስ የገባሁት ለዕቃው ብቻ ነበር። የኩባንያው ሠራተኛ «ለሰውም ይግቡ» ቢለኝ «እኔ ሙዚቃ እንጂ መኪና አልነዳም» ብዬ ቀልጄበታለሁ። ስፒከሩ ተጠገነልኝ። እግራቸውን ያሳከመው ግን ልጄ ሐብቴ ነው፣ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ። ለምን እሱ? ሽማግሎቹ «ስፒከሩን ማን ነው ያሰረው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሐብቴ» ስላልሁ።

ያሰረው በእርግጥ ሐብቴ ነው፤ አጥብቆ ነበር ያሰረው። የፈታሁት እኔ ነኝ። ሙዚቃው አልሰማ ቢለኝ ስፒከሩን ወደ ራሴ ላዞር ገመዱን ፈታሁ፤ መልሼ ሳላስር ጭፈራው ደራ፣ ሰው ተገፋፋ። ደነቆረ እንዳልባል ልጄን ዝርክርክ አስባልሁት። ሐብቴ ይህ ስም አንገሽግሾት መራዊ ገባ፤ ለዓመት በዓል እንኳ አይመጣም። ሥርጉት የራሷ ቤት አላት፤ ይህ ቤት የሐብቴ ይሁን። ስሙን ግን ሞቴን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ መልሼለታለሁ።

መምህር ተስፋው ይህን አንብበው እንደ ጨረሱ ሁሉም ወደ አጥሩ ዞሩ። ወይዘሮ እልፍነሽ ከማዶ ይናገራሉ፤ ሥርጉት ቃላቸውን ጆሮዬ ሥር ደገመችልኝ።

«ገመዱን ሲፈቱ አይቼዎ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምነው አምስት ዓመት ዝም አሉ?»

«ለሐብቴ ያኔውኑ ነግሬው ነበር። ‹አባቴን በሰው ፊት እንዳያዋርዱብኝ› ብሎ አስማለኝ።»

መምህር ተስፋው ብዕራቸውን አንሥተው «ይህም ይጻፍ?» አሉኝ። «ይጻፍ» አልኋቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ግን አልጨረሱም። «አንድ ምስክር ጎደለ ስትሉም ሰምቻለሁ» ብለው እያነከሱ በበሩ ገቡ። ክንፈሚካኤል ወንበር ለቀቀላቸው። ቃሌ በአራቱም ፊት ከመጀመሪያው እንደገና ተነበበ፤ በማይክም ቢሆን ሙሉውን ሰምቻለሁ፣ ቃሌ ነው።

ተናዛዥ፦ ገብረሰንበት ወልደ ሥላሴ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል (ፊርማ)፣ ክንፈሚካኤል (ፊርማ)፣ ሲስተር ዮርዳኖስ (ፊርማ)፣ ወይዘሮ እልፍነሽ (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፦ መምህር ተስፋው (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ክንፈሚካኤል ሰኞ መራዊ ሄዶ ይህን ለሐብቴ ያነብለታል። ልጄ የሚመልሰውን፣ ስድብም ቢሆን፣ በዚሁ ማይክ ለሰፈሩ አሰማለሁ። እስከዚያ ድረስ መሞት አይመቸኝም።