ሳይተኙበት አይወጣም

ውድ እህቴ፣

ስልክ ስደውል ጸሐፊሽ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። ትናንትም ናቸው፣ ዛሬም ናቸው። አፍንጫሽን እየጠረግሁ ትምህርት ቤት ላመላለስኩሽ ለእኔ «ናቸው» ሆነሽብኝ አረፍሽው! ይሁን። በስልክ ያልሰማሽኝን አንብቢው፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም።

አምና በከተማው ምክር ቤት የኪራይ መደጎሚያውን ገንዘብ ወደ ከተማ ማስዋቢያ ስታዛውሩ ለምን ብዬሽ ነበር። ያ ገንዘብ የታመመ ወይም ከሥራ የወጣ ተከራይ እስኪያገግም ኪራዩን እየሸፈነ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ የሚያደርግ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ? ከላይ የመጣ ነው» አልሽኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ደግሞ በአቅም የሚከራዩ ቤቶች ልትሠሩ እንደሆነ ነግረሽኝ ሥዕሉን አሳየሽኝ። ዛፍ አለው፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አለው። ላም አለኝ በሰማይ። ሥዕል ውስጥ ማን ያድራል?

የማስዋቢያው ሥራ ዞሮ ዞሮ እኛው ወርክሾፕ መጣ፤ የመናፈሻ አግዳሚ ወንበር። ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ግን አባታችን አልጋ ሠሪ፣ እኔ አልጋ ሠሪ፣ ሠራተኞቼም አልጋ ሠሪ። እጃችን የለመደውን ልክ ይዞ ወንበሮቹን በአልጋ ርዝመት አወጣናቸው። ንድፉ ላይ መሃል ለመሃል የሚቆም ብረት ነበረ፤ ዋናው በያጄ «ይሄማ ስህተት ነው፣ ወገብ ይወጋል» ብሎ ተወው። የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ምን ጉድ ነው የሠራችሁት? ሰው ይተኛበታላ!»

«ቢተኛበትስ?»

«ብረቱ እኮ እንዳይተኛበት ነው ጋሼ።»

በዕድሜዬ ሰው እንዳይተኛበት ተብሎ የታዘዘ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣውም፣ ከወጣ በኋላ ጎኑን እንዳያሳርፍ የሚከለክለውም ያው የእናንተ በጀት! ተቆጣጣሪው ወንበሮቹን መለሰብን።

እትዬ መርፌን መቼም አትረሺያቸውም። የመጀመሪያ ዩኒፎርምሽን ሰፍተው «ታድጋለች» ብለው ጫፉን አጥፈው የተዉልሽ፣ ባደግሽ ቁጥር እየፈቱ ያስረዘሙልሽ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ሕክምና አደረጉና እስኪሽር መስፋት ተከለከሉ። ኪራይ ግን አይታመምም። አንዱን ወር እኔ ከፈልኩ፣ ሌላውን ሠራተኞቼ አዋጡ፤ ከዚያ እጃችን አጠረ። መደጎሚያው ቢሮ ወሰድኳቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ገንዘቡ አልቋል እማማ። ከቤት ሲወጡ ይምጡ፣ ለመጠለያ እንመዘግብዎታለን» አለቻቸው። ሲወጡ! ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለማን ነው? እሳቸው «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ወጡ፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ከቤታቸው ወጥተው አሁን የት ያሉ ይመስልሻል? ቤቴ ይምጡ ብላቸው «ልጆችህን አላጣብብም» አሉኝ። ከተመለሱት ወንበሮች ባንዱ ላይ፣ ወርክሾፑ ውስጥ፣ የስፌት መኪናቸውን ራስጌ አድርገው ይተኛሉ። ጠዋት ስንገባ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው «ሥራ አስፈታኋችሁ» እያሉ ይቅርታ ይጠይቁናል። አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። አከራያቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐሙስ በምታጸድቁት በጀት መደጎሚያው ከተመለሰ ክፍሉን ለሌላ ሳልሰጥ እጠብቃለሁ ብሏል። ካልተመለሰ ግን እሱም አራት ልጅ አለው።

ስለዚህ ጥናት እየተጠና ነው አትበይኝ። የአባታችንን ሕግ ታስታውሻለሽ፤ ሰው ሳይተኛበት አልጋ ከዚህ ቤት አይወጣም። ሞካሪዋ አንቺ ነበርሽ። ዘለሽ ትወጪና ዓይንሽን ጨፍነሽ ትገላበጫለሽ። «አባዬ፣ ሲጢጥ ይላል!» ካልሽ የተሸጠ አልጋም ቢሆን ተፈትቶ እንደገና ይበየዳል። ካንቺ ቃል በኋላ ይግባኝ አልነበረም።

ረቡዕ ነይ። ሹፌርሽን በር ላይ አቁሚውና ከእትዬ መርፌ ጎን ያለው ወንበር ላይ ተጋደሚ። ትራስ አልሰጥሽም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ትንሽ ተገላበጪ። ከዚያ ሐሙስ፣ እጅሽን ከማውጣትሽ በፊት፣ ያ በጀት ሲጢጥ ይል እንደሆነ ራስሽ ትናገሪያለሽ።

«ናቸው» የማይልሽ
ወንድምሽ