ደውዪ ይሉኛል

ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት

ይኼም ፎቶ ጠቆረ። ጉሙ አልገፈፈም። ቀዩ የከፋይ ጨርቅ ስልኬ ላይ የጉበት መልክ ይይዛል። አውጥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት፤ ጤዛ ነካው፤ መልሼ አስገባሁት። እስኪጠራ ልጠብቅ። መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም።

ማስታወሻዬ፣ ስልኬ ላይ የመሸጫ ቻናሉን ከፈትሁት። «የፈረስ ጌጥ ከእንጅባራ» ብዬዋለሁ። ግላስ ነው የምሸጠው፤ ፈረስ ለሠርግና ለበዓል ጀርባው ላይ የሚለብሰው ጥልፍ። የምሰፋው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ጥሊሊና አዘና ገበያ ይዞት የሚወጣው ግን ወንድሜ አያ ስማቸው ነው፤ ባጃጁ ላይ ጭኖ። ዋጋ የሚናገረው እሱ። የሚከራከረው እሱ። የሚሸነፈውም እሱ። እኔ አጠገቡ ቆሜ የሰው ከንፈር አያለሁ። «ያቺ ደንቆሮዋ ናት የሰፋችው?» የምትለዋን ከሩቅ አነባታለሁ።

ልጅ ሳለሁ ማጅራት ገትር ጆሮዬን ወሰደው። ድምፄ ቀርቷል፤ ከቤት ውጭ ግን አላወጣውም። ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ።

ስልክ ላይ ይኼን ማንም አያውቅም። ይጽፋሉ፣ እጽፋለሁ።

ታኅ. 7

ትእዛዝ! ከዳንግላ። አቶ አንማው ይባላሉ። ጥር ላይ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ፈረሳቸው አዲስ ግላስ ይልበስ ብለዋል። አጻጻፋቸው ፈጣን፣ ቀልደኛ። የዳር ዘርፉ ረዥም ይሁን፣ ወርቃማው ክር ይብዛ አሉ። ዋጋ ቀንሺ አሉ። አልቀንስም አልሁ። ለምን አሉ። ለምን እንደሆነ ጻፍሁ። ተስማሙ! በሕይወቴ መጀመሪያ የተከራከርሁት ክርክር ይኼ ነው። ተነስቼ ቤቱን ዞርሁት። ግማሹን በቅድሚያ ይልካሉ። የት ይላኩ? የባንክ ሒሳብ የለኝም። እስከ ዛሬ ሁሉም ነገር በአያ ስማቸው ስም ነው።

ታኅ. 8፣ ከባንክ መልስ

ተናድጃለሁ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከእኔ ጋር አላወራችም። ከአያ ስማቸው ጋር ነው። ደውለን እናረጋግጣለን፣ እሷ እንዴት ታነሳለች፣ ለምን በአንተ ስም አይሆንም? እሱ ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ! ወረቀት ስቤ ጻፍሁ፦ «ማንበብ አውቃለሁ። መፈረም አውቃለሁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።» ልጅቷ አቀረቀረች። ኃላፊዋን ጠይቃ መጣች። ሰኞ ተመለሺ።

አያ ስማቸው እስከ ቤት አኮረፈ። ሲቆጣ ፊቱን ያዞርብኛል፤ የሚለውን እንዳላነብ። እኔ ደግሞ ያንን ጀርባውን ሳይ ሰውነቴ ይቃጠላል።

ታኅ. 11

ተከፈተ። ማረጋገጫው በጽሑፍ መልእክት እንዲመጣ ኃላፊው ፈቀደ። አያ ስማቸው ውጭ ባጃጁ ውስጥ ጠበቀኝ። አልገባም። እንኳን ደስ ያለሽም አላለኝ።

ታኅ. 13

ከፋዩን ቆርጬዋለሁ፣ ክሩን ጀምሬዋለሁ፤ ቅድሚያው ግን አልመጣም። ዛሬ መልእክት፦ «ድምፅሽን ሳልሰማ አልከፍልም። ሌባ በዝቷል። ደውዪ።» ምን ልበል? አመመኝ አልሁ። ማታለሌ ነው፣ አውቃለሁ። ወዲያው ራሳቸው ደወሉ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጢንዚዛ ይንቀጠቀጣል። ሮጬ ለአያ ስማቸው ሰጠሁት። ከንፈሩን እያየሁ ነበር። ወንድሟ ነኝ አለ። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። ዘጉበት።

ትንሽ ቆይቶ፦ «ትናንት ሴት፣ ዛሬ ወንድ። ነገ ምን ልትሆኑ ነው?»

እውነቱን ልጻፍላቸው አልሁት። እንዳታደርጊው አለ። ካወቁ ያታልሉሻል፣ አለዚያም ያዝኑልሻል፤ ሁለቱም አንድ ነው። ተጣላን። እጄም አፌም እኩል ጮኹበት።

ታኅ. 15

ኔትወርክ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን እያነሳሁ እጥላለሁ። እሰፋለሁ። እተዋለሁ። ደግሞ እሰፋለሁ። ላልከፈለ ሰው ለምን እሰፋለሁ?

ታኅ. 19፣ ዳንግላ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ እጽፋለሁ። ለአያ ስማቸው ሳልነግር መጣሁ። ግላሱን ጨርሼ በማዳበሪያ ጠቅልዬ። ቤታቸው ወፍጮው አጠገብ እንደሆነ ጽፈውልኝ ነበር፤ እዚህ ላገኘሁት ባለባጃጅ መልእክቱን አሳየሁት።

አቶ አንማው በር ላይ ቆመው ነበር። ሸምገል ያሉ። ጢማቸው ከንፈራቸውን ሸፍኖታል፤ አንድ ቃል አልያዝሁም። ስልኬ ላይ ጻፍሁ፦ «ግላሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አልሰማም። እባክዎ ይጻፉልኝ።» ሰጠኋቸው። አዩት። አገላበጡት። ፊታቸው ጠቆረ። ስልኩን መለሱልኝ። አለቀ፣ ተባረርሁ ብዬ ዞርሁ።

ከጓሮ አንዲት ልጅ ሮጣ መጣች። ስልኩን ወስዳ አነበበች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጻፈችልኝ፦ «ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ስጽፍልሽ የነበርሁትም እኔ ነኝ። አባባ ማንበብ አይችሉም። ለዚህ ነው ድምፅ ልስማ ያሉት። እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነበር።»

ሽማግሌውን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። የማውቀው አስተያየት ነው፤ ገበያ ላይ ደንቆሮዋ ሲሉኝ እኔም መሬት የማየው እንደዚያ ነው።

ድምፄን አወጣሁት። «ግላሱን ይዩት፣ አባባ።» እንዴት እንደ ወጣ እንጃ። ቀና አሉ። ሰምተውኛል!

ዳማ ፈረሳቸው ላይ አለበስነው። ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት፣ ዘርፉን አነሱት፣ ወደ ኋላ ሄደው አዩት። ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ። እየሳቀች ጻፈች፦ «ከእኔ ፈረሱ ሙሽራ ይመስላል አሉ። ስሚልኝ እንግዲህ።» ስሚልኝ ብላ ደነገጠች። እኔም ሳቅሁ።

ሙሉውን ገንዘብ ከስልኳ ላከች። የባንኩ መልእክት ገባ። የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም። አሁንም እያየሁት ነው። ሚኒባሱ ሞላ።

ታኅ. 20፣ ጠዋት

ትናንት አያ ስማቸውን እንጅባራ መናኸሪያ ቆሞ አገኘሁት። ሲፈልገኝ ነው የዋለው። «ጡሩንባ የማትሰሚ ሰው መኪና ቢገጭሽስ?» ፊቱን አላዞረብኝም። ቁጣ መስሎኝ የኖረው ፍርሃት ነው ለካ። ሁሉን ነገርሁት። የሽማግሌውንም ጭምር።

ዛሬ ቁርስ ላይ የወሰንሁትን ነገርሁት። ማንበብ የማይችል ሰው ሲደውል አንተ ታነሳለህ። መጀመሪያ የምትለው፦ እህቴ አትሰማም፣ የሥራው ባለቤት እሷ ናት። ዋጋው እኔ ያልሁት ነው። ለድካምህ ከየሽያጩ ድርሻ አለህ። ገንዘቡ በእኔ ስም ይገባል።

«ቢስቁብሽስ?»

«ይሳቁ። እኔ እንደሆነ አልሰማቸው።»

መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሻዩ ትን አለው።

ቻናሉ ላይ ለጠፍሁት፤ ከፊቴ ፎቶ ጋር። ሰፊዋ መስማት የተሳናት ናት፣ መጻፍ የምትችሉ ጻፉልኝ፣ ለመደወል የወንድሜ ቁጥር ከታች አለ። ሰዎች እያዩት ነው። አንዱ በውስጥ መስመር መጻፍ ጀምሯል፤ ነጥቦቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይንቀሳቀሳሉ። ምን ሊል ይሆን? እዚህ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልም፤ ውጭ ወጥቼ ጉሙ ገፍፎ እንደሆነ ልይ።