ከበረዶው ሥር የቀዳነው ጠብታ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኢቫር። ከነልጆችህ፣ ከነዓሣ ማጥመጃ ጀልባህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ብርዱን ለምጄ ደህና ነኝ።

መርከባችን ከስቫልባርድ ደሴቶች በስተሰሜን በረዶ መሀል ቆማለች። የጉዞው መሪ ሃልቫርድ የአንድ ዓይኔን መፍዘዝ አውቆ፣ «አስላውግ፣ የማይክሮስኮፑን ካሜራ ለሌላ ሰው ስጪና ወደ ሐኪምሽ ተመለሽ» አለኝ።

«በማይክሮስኮፕ የሚታየው በአንድ ዓይን ነው፤ አንዱ አይበቃትም ያለህ ማነው?» አልኩት።

ከወንበሬም አልተነሣሁም። ከበረዶው ሥር በቀዳነው ጠብታ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ገላዋ እንደ መስታወት ውስጡን የሚያሳይ ፍጥረት እንቁላሏን ስትጥል ቀረጽኩ። ሃልቫርድ ምስሉን አየ፤ ካሜራውንም ደግሞ አልጠየቀኝም። ጉዞው ሳያልቅ ከዚህ መርከብ አልወርድም።

ለእማዬ ደህና ናት በላት። መልስ ስትጽፍልኝ ፊደሎቹን ተለቅ ተለቅ አድርጋቸው፤ እዚህ መብራቱ ደካማ ነው።

ባሕሩ መረብህን ሞልቶ በሰላም ይመልስህ።

እህትህ አስላውግ