ለእትዬ አልማዝ የሰጠሁት ሁለት

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9፣ 2021

ዛሬ የእንግሊዝኛ ክላስ ውስጥ ከእኛ ግሩፕ ቀጥሎ፣ ከቸርች የማውቃቸው እትዬ አልማዝ ከግሩፓቸው ጋር ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ፕረዘንት አደረጉ። ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ አነበቡ፤ ድምፃቸውም ማስኩ ውስጥ ቀረ። አስተማሪዋ እውነቱን ጻፉ ስላለችን፣ በመገምገሚያው ፎርም ላይ ከአምስት ሁለት ሰጠኋቸው። "ያነበቡት ለራሳቸውም የገባቸው አይመስለኝም" ብዬ ጨመርኩበት። እሷ ብቻ የምታየው መስሎኝ ነበር። ፎርሙን ከሰበሰበች በኋላ ነው ሐሙስ ከነስማችን ለየባለቤቱ እንደምትመልስ የነገረችን።

እንደ ሁልጊዜው ኢስትሙር ሰፈር ያለው ቤታቸው ድረስ በመኪናዬ አደረስኳቸው። ሲወርዱ፣ "ላንተ አምስት ከአምስት ነው የሰጠሁህ፤ ለልጄ ሌላ ምን እጽፋለሁ?" አሉኝ።

"እኔም ለእርስዎ አምስት ነው የሰጠሁት" አልኳቸው።

ሐሙስም ራይድ የምሰጣቸው እኔ ነኝ።