ስሙን አንቺ ብቻ የምታውቂው ልጅ

ውድ ሰይዳ፣

ስምሽን ያወቅሁት በነሐሴ አጋማሽ ነው። እስከዚያ ድረስ በልቤ «የልጁ እናት» እያልኩ ነበር የማነጋግርሽ፤ እውነቱን ልንገርሽና አንዳንድ ቀን ከዚህ የከፋ ስምም ሰጥቼሻለሁ። አሁን ግን ስምሽን ይዣለሁና እንደ ሰው ልጻፍልሽ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ለመጀመር እጄ እምቢ አለኝ። ዘንድሮ ራያ ላይ ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው።

ማንበብ እንደማትችዪ ገምቻለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሰፈርሽ ወደሚቀርበው ዋጃ ወስደው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጮክ ብለው እንዲያስነብቡት ለአንድ ሽማግሌ እሰጣቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስማው፤ የምናፍርበት ነገር አልቀረንም። ከሰሚዎቹ መሀል አንቺ ካለሽ፣ ወይም አንቺን ያየ ሰው ካለ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ልጅሽ በሕይወት አለ። ማክሰኞ ዕለት በእህል መኪና ወደ ደሴ ወስደውታል፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ግቢ። መዝገቡ ላይ «ሰይድ እንድሪስ» ተብሎ ነው የሰፈረው። ሰይድ ስሙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ነው የምነግርሽ።

እኔ ተናኜ ነኝ፣ እዚህ ቆቦ አስተማሪ። ትምህርት ቤታችን መጠለያ ከሆነ ወዲህ እንኳን ላስተምር ጠመኔም አልያዝኩም። በሰኔ መጨረሻ ወተት ከምናድልበት በርሜል አጠገብ ቆሜ መጣሽብኝ። «እቴዋ፣ ይኸን ልጅ ያዥልኝማ፣ ውሃ ልጠጣ» አልሽና እጁን ሰጠሽኝ። ትንሽ ራቅ ካልሽ በኋላ ተመለስሽ። «አንገቱን እንዳትነኪብኝ፤ አይወድም» አልሽኝ። ከዚያ ሰዉ መሀል ገባሽ። እኔም ውሃሽን ጠጥተሽ እስክትመጪ በአንድ እጄ ልጁን ይዤ፣ በሌላው ወተት እቀዳ ጀመር።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወድቀው የተገኙ ሴቶች ነበሩ። ስማቸውን የሚናገር ሰው ስላልነበረ እንዲሁ ተቀበሩ። ሄጄ ፊታቸውን ልይ ብል በሽታ አለ ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ትተሽው ሄድሽ ወይስ ወደ ውሃው ሳትደርሺ ቀረሽ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺን ስረግም የነበረውም፣ ስለ አንቺ ሳለቅስ የነበረውም በዚህ የተነሣ ነው።

ልጅሽን ስሙን ብንጠይቀው አይመልስም። ፊታችንን አልፎ ሌላ ነገር ያያል። መጠለያው ለልጆቹ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በአንገታቸው ያስራል፤ እሱ በጥሶ ጣለው። ደግመው አሰሩለት፤ ደግሞ በጠሰው። ሦስተኛ ሊያስሩለት ሲሉ አንቺ ያልሽኝን ነገርኳቸውና ተዉት። ወተቱንም ከአንዲት የተጨረመተች ኩባያ ካልሆነ አይጠጣም። ያቺ ኩባያ ሌላ ልጅ እጅ ከገባች ጾሙን ያድራል። አንዱ ጂን ነው አለ፣ አንዱ ረኀብ ያደነዘዘው ነው አለ። የዱዳን ቋንቋ እናቱ ታውቃለች ይባላል፤ እናቱ ደግሞ ውሃ ልጠጣ ብላ ሄዳለች።

ሐምሌ ሲገባ ነርሷ፣ ሲስተር ብዙነሽ፣ ጠራችኝና «የማይናገሩትንና ሰው የማያዩትን ልጆች ሰብስበሽ ውጭ አጫውቻቸው» አለችኝ። በልቤ ሳቅሁባት። አገር እየተቀበረ እሷ ጨዋታ አማራት አልኩ። እሷ ግን የማይጫወት ልጅ ወተትም አይፈልግም ብላ ድርቅ አለች። እኔም ከአጥሩ ውጭ ባለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸውና መሬቱ ላይ ገበጣ ቆፈርኩ። በመጀመሪያው ቀን መጫወቻ ያደረግነው ሽንብራ ነበር፤ ጨዋታው ሳይጋመስ መጫወቻው ተበላ። ከዚያ ወዲያ በጠጠር ሆነ። አኩኩሉም ተጫወትን። ሆኖም «ነጋ?» ብዬ ስጮህ «አልነጋም» የሚለኝ ጠፋ፤ የተደበቁት አቅም አጥተው እዚያው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እየዞርኩ ከየቁጥቋጦው ሥር ለቅሜ አመጣቸዋለሁ። አንድ ቀን አንዱን ብቀሰቅሰው አልነቃም። ከዚያ በኋላ አኩኩሉ አላጫወትኳቸውም።

ዚነት የምትባል ልጅ ነበረች፣ የልጅሽ እኩያ። ቤተሰቧ መንገድ ላይ አልቆ ስትመጣ ድምፅ አልነበራትም። ቁርቁራው ሥር ስትቀመጥ ስትቀመጥ አፏ ተፈታ፤ ከተፈታ በኋላ የሚዘጋው ጠፋ። ልጅሽን ስም እናግኝለት ብላ እሷ ናት ጨዋታ የፈጠረች። ልጆቹን በዙሪያው ታስቀምጥና በየተራ «ሙላው! ሙሀመድሰይድ! አባይ!» እያሉ ይጮሁበታል። በአንዱ ይዞራል ብለው ነው። እሱ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይንጫጫል፣ እጁን ይነክሳል። እኔም ያንን ጨዋታ ከለከልኩ። ዚነት ግን «እንግዲያ ምን ተብሎ ሊጠራ ነው?» አለችኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ ዝናቡ መጣ። ሰው ካለቀ በኋላ ዝናቡ አምሮበት መጣ። ሌሎቹ ልጆች ወደ ክፍል ሲሸሹ ልጅሽ ተነሣ። ከግቢው ወገብ ላይ የሚወርደውን ጎርፍ በጣቱ እየቀደደ፣ በእንጨት ስባሪ እየገደበ ይመራው ጀመር። አንድ ትልቅ ቦይ፣ ከእሱ የሚገነጠሉ ሦስት ትንንሽ ቦዮች፣ ከሦስቱ አንዱን ደግሞ ጠጠር አስቀምጦ በጠጠሩ ዙሪያ ያዞረዋል። ውሃው ጠጠሩን ዞሮ ሲያልፍ ይስቃል። ሲስቅ ብታይው። ሲስተር ብዙነሽ አይታው ጥርሷ አልከደን አለ፤ እኔንም አልነገርኩሽም ብላ ገላመጠችኝ። ዝናቡ ሲያጠፋበት በማግስቱ ይሠራዋል፣ ያንኑ ራሱን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ።

አንድ ቀን አያ ሰላሁዲን ረገጡት። ደብዳቤውን የምሰጣቸው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ከረኀቡ በፊት የውሃ አባት ነበሩ፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ለየማሳው በተራ የሚያካፍሉ ዳኛ። ልጅሽ ጮኸ። «ተነሣ በይው ይኸን ጭቃ አቡኪ፤ መንገድ ዘጋ እኮ» አሉ። ከዚያ ወደ እግራቸው አዩ። በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ይኸን ቁልማማ ቦይ ማን አሳየው?» አሉኝ።

«ማንም አላሳየው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«ይኸ የኔ ቦይ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ተጣልተው ሊጋደሉ ሲሉ፣ ባንዱ ማሳ እንዳያልፍ ብዬ በጥቁሩ ድንጋይ ዙሪያ ያስጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ራያ ሙሉ ስቆብኛል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጠማማ ቦይ ሁለተኛ የለም።»

ሰይዳ፣ የዚያን ዕለት አገኘሁሽ አልኩ። ቢያንስ ስሙን አገኘሁ አልኩ። በሳምንቱ እኔና አያ ሰላሁዲን ልጅሽን ይዘን ያ ቦይ ወዳለበት ሰፈር፣ እስከ ዋጃ በእህል መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ሄድን። ዚነትም ልምጣ ብላ አለቀሰች፤ አቅሟን አይቼ ተውኳት።

ሰፈራችሁ ስንደርስ ውሻ እንኳ አልጮኸብንም። ቤቱ ሁሉ በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ልጅሽ እጄን ለቀቀና ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ደርሶ ተቀመጠ፤ የቦዩን አፍ ደለል ሞልቶታል። በእጁ ይዝቅ ጀመር። አያ ሰላሁዲንም ጋቢያቸውን ጣሉና አገዙት። ውሃው ገባ፣ ድንጋዩን ዞረ፣ ማሳው ላይ ተንጣለለ። ማሳው አልታረሰም፣ አልተዘራም። ልጅሽ በሳቅ ይፍለቀለቃል፤ አያ ሰላሁዲን ግን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ውሃው መጣ፣ ባለተራው የለ» አሉኝ።

ሳቁን ሰምተው ከአንዱ ቤት እመት መይሙና ወጡ፣ ጎረቤትሽ። ከሰፈሩ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። «የሰይዳ ልጅ! ያ ረቢ፣ ዱዳው አለ እንዴ?» አሉ። ስምሽን የሰማሁት ያኔ ነው። እንድሪስ በኅዳር መሞቱን፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆችሽም እሱን መከተላቸውን ነገሩን። አንቺ የቀረውን ላስበላ ብለሽ ወደ ቆቦ ከሄድሽ ወዲህ አለመመለስሽንም ነገሩን።

«ስሙ ማነው?» አልኳቸው።

«ኧረ እንጃ ልጄዋ። እኛ ዱዳው ነው የምንል።»

«እናቱስ? እናቱ ምን ብላ ነበር የምትጠራው?»

«ሰይዳማ ጮክ ብላ ጠርታው አታውቅ። ድምፅ ይፈራል። ጠጋ ትልና በጆሮው ሹክ ትለዋለች። ያን ጊዜ ቀና ይላል። የምትለውን አላህና እሷ ናቸው የሚያውቁ።»

«ስም ያወጡለት ሸህስ?»

«ሞቱ። ማን ቀረና።»

እመት መይሙና ልጁን እኔ ጋ ተዉት ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ከፊታቸው አየሁት። የሚቀምሱት ግን አልነበራቸውም። የሚበላ ያለው ቆቦ ነው፤ ስለዚህ ከገዛ ቤቱ በግድ ይዘነው ተመለስን። አያ ሰላሁዲን አዘሉት፤ ትከሻቸውን ነከሳቸው፤ «አብሽር ልጄ፣ ንከሰኝ» እያሉ ተሸከሙት።

ከዚያ በኋላ ቁርቁራው ሥር ጨዋታችን አንድ ብቻ ሆነ። ጠጋ ብዬ በጆሮው ስም ሹክ እለዋለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን አልሸሸም። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ሰጠኝ። «ከማሉዲን» አልኩት። ትንሽ ጠበቀና ጆሮውን ወሰደ። በማግስቱ ሌላ ስም፤ እንደዚያው። ዚነትም የአባቷን፣ የወንድሞቿን ስም ሹክ ትለዋለች። የእስላሙ ስም ሲያልቅብኝ የክርስቲያኑን ሞከርኩ። አያ ሰላሁዲን ዛሬ ማንም የማይጠራባቸውን የድሮ የራያ አያቶች ስም እየፈለጉ አመጡልኝ። ልጅሽ ለሁሉም ጆሮውን ይሰጣል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጆሮውን ይወስዳል። ምናልባት ሹክ የምትዪው ስም አልነበረም ይሆናል። ወይም ስሙን ብለነው፣ ድምፁ ያንቺ ስላልሆነ አልፎት ይሆናል። ይህን ሳስብ ነው ተስፋ የቆረጥኩት።

በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ለመስከረም ይጽዳ፣ ጠያቂ የሌላቸው ልጆች ወደ ደሴ ይሂዱ ተባለ። እኔ ልያዘው አልኩ። ዘመዱ አይደለሽም፣ ባል የለሽም፣ የምትኖሪው በኪራይ አንድ ክፍል ነው ብለው መለሱኝ። አያ ሰላሁዲንም ጠየቁ፤ እሳቸው ደግሞ ቤት የላቸውም። ጸሐፊው ስም ሲጠይቀኝ አይታወቅም አልኩት። «እንግዲያስ ዱዳው እንድሪስ ብዬ ልሙላው» አለ። ሰይድ በል አልኩት፤ ካንቺ ስም የሚቀርብ ሌላ አልመጣልኝም። ያንን ስም በጆሮው ብዬው ነበር፤ እሱም አልነበረም።

ደሴ የሚገቡበት ግቢ ሲሚንቶ ነው አሉኝ። ውሃው በቱቦ ነው የሚሄድ። ከመኪናው ጋር የመጣውን ሰው ይህ ልጅ ዝናብ ሲዘንብ ውጭ ይለቀቅ፣ ጮክ ብላችሁ አትጥሩት፣ አንገቱን አትንኩት ብዬ ነገርኩት። እሺ እሺ አለኝ፤ ልጆች እየቆጠረ ነበር። እንደሰማኝ አላውቅም።

ሰይዳ፣ አትመጪም ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከቀሩት አንዷ ነሽ ብዬ አምናለሁ። እንዲህ እያመንኩ የምጽፍልሽ፣ ይህን ነገር ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ያካፋ ነበር። ልጆቹን በጆንያው ላይ ጫኗቸው። ዚነት ከልጅሽ አጠገብ ተቀምጣ ኩባያውን ይዛለታለች። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ጆሮውን ይይዛል ብዬ ጠበቅሁ። አልያዘም። በመኪናው ጎን ዘንበል አለና፣ እኔ ሳልጠጋው፣ ሳልጠራው፣ ጆሮውን ወደ አፌ አመጣው። ዓይኑን ጨፈነ። የማውቀውን ስም ሁሉ ጨርሼ ነበር። እናትህ ትመጣለች ብዬ ልዋሸው አልቻልኩም። መኪናው እስኪነሣ ድረስ እሱ ይጠብቃል፣ እኔ ከንፈሬ ጆሮው ላይ ሆኖ ዝም ብያለሁ።

ከአፈር በላይም ሆንሽ በታች፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ተናኜ
ቆቦ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 1966 ዓ.ም.