ስለ ቁጠባ ለማስተማር የጥገና ክፍላችንን ለሚዘጉት ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የአሠራር ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የሆስፒታላችን ባለ ጎማ አልጋ ቁጥር አራት፣ የኋላ ግራ ጎማው ካለፈው ማክሰኞ ረፋድ ጀምሮ መንጫጫቱን ማቆሙን ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ይህን ከመሰለ ታላቅ ዜና ጋር በተያያዘ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድም መግለጫ ስላልወጣ፣ ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ።

ጤናዎስ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ጉልበቴ አልሄድ፣ ምላሴ አልቀመጥ ብለው ከማስቸገራቸው በቀር ደህና ነኝ። ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ጠንካራ ጉልበት እመኝልዎታለሁ፤ ከሰኞ በኋላ በዚህ ሆስፒታል ጉልበቱ የከዳው ሰው የሚደገፍበት ነገር አይኖርምና።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ከምድር ቤቱ ጥግ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ አንዲት ጠባብ የጥገና ክፍል አለች። በውስጧም አንዲት ሴት የተሰበረ አልጋ፣ ምርኩዝና ተሽከርካሪ ወንበር ስትጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ትክክለኛ ስሟን የወለዷት እናቷም ሳይረሱት አይቀሩም፤ ሁላችንም ወይዘሮ ብሎን እንላታለን። ባለፈው ሐሙስ በበሯ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ክፍሉ እስከ ሰኞ ጠዋት ተለቅቆ «በውስን ሀብት የላቀ ውጤት» ለተባለው ሥልጠና እንዲውል ተወስኗል፤ ወይዘሮ ብሎንም ወደ መዝገብ ቤት ተዛውራለች ይላል። ከእንግዲህ የተሰበረውን ማን ይጠግነዋል ለሚለው ጥያቄ ማስታወቂያው መልስ የለውም፤ ቀለም ለመቆጠብ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ። ይህን ያህል ከተደረገልን ዘንድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ይገባኛል።

፩. ክፍሉ «አገልግሎት በማይሰጡ ንብረቶች የተሞላ» መሆኑን በጥናት ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። እግር የሌላቸው አልጋዎች፣ አልጋ የሌላቸው እግሮች፣ በየጣሳው የታጨቁ ብሎኖች፣ ሁሉም እንደ ተባለው አሉ። ወይዘሮ ብሎን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ከሌላው እየነቀለች የምታድነው ከነሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ዘንድ እንቁላልን አይጮኽም ብሎ መጣል ይሉታል፤ እናንተ ዘንድ ጥናት እንደሚባል አሁን ተረዳሁ። ያም ሆኖ፣ ከውሳኔው በፊት ከአሠልጣኞቹ አንዱ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ፣ ሥራዋን ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ተመልክቶ፣ «ይገርማል!» ብሎ መመለሱን በአድናቆት አስታውሳለሁ።

፪. ለሠልጣኞቹ ስላስመጧቸው አርባ አዳዲስ ወንበሮች እናመሰግናለን። ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው አይቻቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ አምስት አምስት ጎማ አለው። የበሽተኛ አልጋ ሲሠራ አራት፣ ሲሰነብት ሦስት ነው። ወይዘሮ ብሎን አንዱን ወንበር ገልብጣ ጎማውን በጣቷ ብታሽከረክረው ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ዞሮ አልቆም አለ። ሌላ ሴት ወርቅ ቤት መስኮት ላይ እንደምትተነፍሰው ተነፈሰችና፣ «አባባ፣ ሁለት መቶ ጎማ እኮ ነው! ሰው ደግሞ እላዩ ላይ ዝም ብሎ ሊቀመጥበት!» አለችኝ። ለእርስዎ ክብር ስል ጎማ መፍታት አላስተማርኳትም፤ ከእኔ በላይ ታውቅበታለች።

፫. ሦስተኛው የግሌ ነው። ባለቤቴ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሦስት ዓመት ሆናት። ያለችበትን ወንበር ወይዘሮ ብሎን የሠራችው ከሦስት ስብርባሪ ነው፤ መቀመጫው ከአንዱ፣ ጎማው ከሌላው፣ ፍሬኑ ደግሞ ከአሮጌ ብስክሌት። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን ስትቀመጥበት፣ «ከሦስት ስብርባሪ አንድ ደህና ወንበር ወጣ፤ አንተና ጓደኞችህ ግን ሁላችሁ ብትገጣጠሙ አንድ ደህና ባል አይወጣችሁም» አለችኝ። ወንበሩ ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ ተሰብሮ አራቱንም ጊዜ በዕለቱ ተጠግኖ መጥቷል። እሷም የቤታችን በረንዳ ላይ ወጥታ አላፊ አግዳሚውን፣ ቀድማም እኔን፣ ስትተች ትውላለች። ከሰኞ በኋላ ቢሰበር ግን ስታይ የምትውለው ጣሪያ ነው። እዚህ ላይ ቀልዴ ማለቁ ይታወቅልኝ።

ሌላም ነበረኝ፤ ነገር ግን የጽሕፈት ቤትዎ የቅሬታ ቅጽ ያለው ሦስት መስመር ብቻ ስለሆነ ሀብትዎን አላባክንም።

ክቡር ሆይ፣ ምክር ከሽማግሌ ቢወሰድ ነውር የለውምና አንዲት ልጨምር። ሥልጠናውን መጋረጃና ምንጣፍ ባለው በእርስዎ መሰብሰቢያ አዳራሽ ያድርጉት፤ አሠልጣኟም ወይዘሮ ብሎን ትሁን። አርባዎቹ ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሁለት የተሰበረ አልጋ አንድ የማይሰበር ይግጠሙ። በውስን ሀብት ምን ያህል ውጤት እንደሚገኝ ከምሳ በፊት ይገባቸዋል፤ ማታም ሆስፒታሉ አርባ ጠጋኝ አትርፎ ያድራል።

ይህ ካልተወደደ ደግሞ ያለውን ነገር ከወዲሁ ማሳወቅ ጨዋነት ነው። ወይዘሮ ብሎን መዝገብ ቤት እንደማትሄድ በጽሑፍ አስታውቃለች፤ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሥራዋ ላይ ትገኛለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ብሎን አቀብላለሁ። ልብስ አጣቢዎቹ ኮሪደሩን ይይዛሉ፤ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰባት ጎረቤቶቻችንም ወረፋቸውን ይዘው ይጠብቁዎታል። ምርኩዝ፣ እንደሚያውቁት፣ ከአንድ በላይ አገልግሎት ያለው፣ ውስን ሀብትን በሚገባ የሚጠቀም ዕቃ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ወንበሯን በሩ መሐል አቁማ ፍሬኑን ትይዛለች። ለማንቀሳቀስ የሚመጣ ቢኖር በከንቱ እንዳይደክም ይንገሩልኝ፤ ፍሬኑ የተገጠመው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፤ የሚቀመጡበትም ወንበር፣ የሚጠግነው እስኪገኝ ድረስ፣ አይሰበርብዎ።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
የአሥራ አንድ ልጆች አያት፣ የባለ ወንበሯ ባል፣ «ከበሩ አልነሣም» ባዩ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ዕድሜዬ በሐሰት መታማት አልሻምና አንድ ነገር ልናዘዝ። የጻፍኩት ሁሉ እንደ ጻፍኩት ነው፤ ከአሠልጣኞቹ አንዱ ወርዶ ሥራዋን ቆሞ አየ ያልኩት ግን የራሴ ፈጠራ ነው። በአደባባይ እንዳላሳፍርዎ ብዬ ጨመርኳት። ማንም አልወረደም።