በአባዬ ስም የሚያንኳኩ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የሰርቨሩ ክፍል ማቀዝቀዣ ዛሬም ውሃ ያንጠባጥባል። ባልዲ ደቀንኩበት። ታች መስታወት ቆራጮቹ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ላይ ናቸው፤ የሁለት ክሊኒክ መነጽር ለነገ ይደርሳል ተብሏል።

የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩ። ሰርጎ ገቦች ሲገምቱ ነው ያደሩት። የይለፍ ቃል በይለፍ ቃል ላይ... ሰው ቢሆን ይደክመው ነበር፤ ፕሮግራም ነው፣ አይደክመው፣ አያፍር። መጀመሪያ «አስተዳዳሪ» ብለው ሞከሩ። «ሽያጭ»፣ «ሂሳብ» አሉ። ከዚያ የአባዬን ስም አገኙ። ከየት? ከድረ ገጻችን ነዋ፤ ፎቶው ስር ተጽፎ የለ።

አባዬ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። አካውንቱ ግን አልተዘጋም። እንደኔ አካውንት ሁሉን ይከፍታል፦ የደንበኛውን የዓይን ልክ፣ ትዕዛዙን፣ ሁሉን። የሞተ ሰው ስም እየጠሩ በር ሲደበድቡ... ደሜ ፈላ።

ጥቅምት 5

ወንድሜ ቢሮ ገባሁ። ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ነው የሚያናግረኝ።

«የአባዬን አካውንት ልዝጋው። ከውጭ የሚገባ ሁሉ ስልኩ ላይ ኮድ ይቀበል። አምስቴ የተሳሳተ ይቆለፍበት።»

«ሻጮቼን ልታማርሪ ነው? ኮድ ምናምን...»

«ከመንገዱ ታች ያሉት ማተሚያ ቤቶች የደረሰባቸውን አልሰማህም? ፋይላቸው በሙሉ በሰርጎ ገቦች ተቆልፎባቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።»

«እነሱ ዝርክርክ ናቸው።»

እኛስ?

«የአባዬን ደግሞ እንዳትነኪ» አለ። «እማዬን ምን ልንላት ነው?»

እማዬ ከሰርቨር ጋር ምን አላት? ሲጨንቀው ሁልጊዜ እሷን ነው የሚያስቀድመው።

ጥቅምት 8

ዛሬም ሲያንኳኩ ዋሉ። ወንድሜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ጥቅምት 11

መቆለፊያውን ሳላስፈቅድ አበራሁት። ይቆጣ፤ ምን ያመጣል?

ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከሚያንኳኩት ባዕድ የኢንተርኔት አድራሻዎች መሃል አንዱ ባዕድ አይደለም። የወላጆቼ ቤት ነው። በየጠዋቱ በአባዬ ስም ጥቂት ጊዜ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይተወዋል። ወንድሜ እስካሁን እዚያ ነው የሚኖረው። «እንዳትነኪ» ያለኝ ለዚህ ነው? በአባዬ ስም ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው? ከእኔ የሚደብቀው ምንድነው?

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 12

ተጣላን። ቆራጮቹ ፊት። «ሌባ» አልኩት። ሁለቴ።

«ጤና የለሽም አንቺ» አለ። ፊቱን አየሁት... የምለው አንዱም አልገባውም።

ስልኬ ጠራ። እማዬ።

«የአባትሽ ኮምፒውተር እምቢ አለኝ» አለች። «ተቆልፏል ይላል። ማን ነው የቆለፈብኝ?»

ድምፅዋን ወንድሜም ሰማ። ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኩትም።

ጥቅምት 13

ሄድኩ። የአባዬ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው? መልእክቶቹን ከሆነ እኔ እከፍትልሻለሁ። የይለፍ ቃሉን ቀይሬ...»

«መልእክቱ ምን ያደርግልኛል? የመነጽር ትዕዛዝ ነው። ቃሉን ነው የፈለግኩት።»

አባዬ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት ሻይ ይዛለት ስትገባ ቃሉን ሲጽፍ ትደርስበታለች። በግራ እጁ ይከልላል። «ምንድነው የምትጽፈው?» ትለዋለች። «አንቺ የምታውቂው ነገር ነው» ይላታል፣ እየሳቀ። የራሷን ስም ሞክራለች። የእኔን፣ የወንድሜን። የተጋቡበትን ቀን። መጀመሪያ የተከራዩበትን ሰፈር።

«ጠባቂዋ አንቺ አይደለሽ? ንገሪኝ።»

አላውቀውም። ማንም አያውቀውም። ሰርቨሩ ቃሉን እንዳለ አይዝም፤ ከቃሉ የተሠራ፣ ወደ ኋላ የማይፈታ ምልክት ነው የሚይዘው። ቀይሪ ብባል እቀይራለሁ፤ የነበረውን ግን አላይም። አስረዳኋት፤ በስሙ ስለሚያንኳኩትም ነገርኳት። ሰማችኝና፣

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠብቂው?» አለች።

መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። በእሷ አይደለም፤ በአባዬ ነው። ሰው እንዲህ ብሎ ይሞታል?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ከእማዬ ቤት አድራሻ በቀር የውጭውን መግቢያ ሁሉ ዘጋሁ። መቆለፊያውን ለዛሬ አነሳሁት። አባዬ ክፍል ውስጥ ወንድሜ ወንበር ጎትቶ ከእማዬ ጎን ተቀመጠ። «ሌባ» ስላልኩት አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ሦስታችንም ገመትን። የድሮ መኪናውን ቅጽል ስም። የሚደግፈውን ቡድን። ወንድሜ አባዬ እማዬን ሲያበሽቃት የሚጠራበትን ስም አስታወሰ፤ እሷ ሳቀች፣ ጻፈችው። ተሳስቷል ይላል። ሁሉንም ተሳስቷል ይላል።

ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ሲስቅብኝ ኖሯል» አለች።

ከሞተ ወዲህ ስትቆጣው ሰምቻት አላውቅም። አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሰደበችው። ወንድሜ ሊያባብላት እጁን ሲዘረጋ ገፋችው።

«ዝጊው» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዝጊው አልኩሽ። እኔ ያላገኘሁትን እነሱ ያግኙት?»

ዘጋሁት።

ጥቅምት 22

አሁንም ያንኳኳሉ። አሁንም በአባዬ ስም። ከበስተጀርባው ምንም የለም፤ ያንኳኩ።

ኮዱ ለሁሉም ሆኗል። መጀመሪያ የተቆለፈበት ወንድሜ ነው። የራሱን የይለፍ ቃል ረስቶ ደጄ ላይ ቆመ። «ሌባ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አለ። ይቅርታዬን የዚያኔ ተናገርኩ፤ ቢሆንም ትንሽ አስጠበቅኩት።

እማዬ በአባዬ ቦታ ልትሠራ መጥታለች። አካውንት ከፈትኩላት። «ረጅም ይሁን፣ የሰው ስም አይሁን፣ ማንም እንዳይገምተው» አልኳት። ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ ጻፈች። በግራ እጇ ከለለችው።

«ምን ብለሽ ነው?» አልኳት። የማይጠየቅ ነገር መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ አመለጠኝ።

«አንቺ የምታውቂው ነገር ነው» አለች።

አናደደችኝ። ቤት ገባሁ፣ እራት በላሁ፣ እስካሁን እየገመትኩ ነው።